ከጅራቱ ይጀመራል

«እዚያ ጥግ ያስቀምጡልኝ፤ ባዶውን ይዘውት ይሂዱ» አለች ሐመልማል ዐይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

ሽማግሌው በሩ ላይ ትንሽ አመነቱ። ከዚያ ቢጫ ጀሪካናቸውን ከትከሻቸው አውርደው በተባሉበት ጥግ በጥንቃቄ አኖሩት። ባዶውን የመጠጥ ውኃ ጠርሙስ አንሥተው እንደ ሕፃን ታቀፉትና እንደገና ቆሙ። አልሄዱም።

«የሚፈርምልዎት ከታች ያለው ጥበቃ ነው።»

«ምኑን ነው የሚፈርምልኝ ልጄ?»

«ውኃውን ነዋ። ያመጡትን።»

«እሱማ የሚጠጣ አይደለም» አሉ ሽማግሌው። አባባላቸው ለራሳቸውም አልጣማቸውም። «ማለቴ ይጠጣል፤ እኛ እሱን ጠጥተን ነው ያደግነው። ግን ለእናንተ መጠጥ ብዬ አላመጣሁትም። እንድታዩት ነው። እዚህ ቤት ውኃ ከየት እንደመጣ ይከተላሉ ብለውኝ።»

ሐመልማል ቀና አለች። ፊቷ በኀፍረት ጋለ። ተነሥታ ጠርሙሱን ከእቅፋቸው ተቀበለች።

«ይቅርታ አባባ። የውኃ አመላላሹ መስለውኝ ነው።»

«ታዲያ ምኑን ተሳሳትሽ? ዕድሜዬን ሙሉ ውኃ ሳመላልስ ነው የኖርኩት» ብለው ሣቁ። ጥርሳቸው ጥቂት ነው። ይርዳው ደምስ እንደሚባሉና የሾላ ቦይ ቀበሌ የውኃ አባት እንደሆኑ ነገሯት። የውኃ አባት ማለት የመስኖውን ውኃ በተራ እንዲያካፍል ሕዝቡ የሚሾመው ሰው ነው።

ሐመልማል ስሙን አወቀችው። ሾላ ቦይ በዚያ ሳምንት ሊዘጉ ከተያዙት ቀበሌዎች አንዱ ነበር።

የውኃ ዱካ ማዕከል ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ፣ ነፋስ በማይጠፋበት ሜዳ ላይ ተሠርቷል። ቦታው የተመረጠው ለብርዱ ነው። ማሽኖቹ የሚተፉት ትኩስ አየር በትልልቅ ቱቦ ወደ ከተማው ይገባል፤ ቱቦው በሚያልፍበት ሰፈር ሰው በስስ ሸሚዝ ይተኛል፤ ከዚያ ውጪ ያለው በሁለት ብርድ ልብስ። ማዕከሉ ቀኑን ሙሉ የሚያሰላው ባሕር ነው። እዚያ ከሚሠሩት መካከል ግን ባሕር ያየ አንድም ሰው አልነበረም።

ሐመልማል ተማሪ በነበረችበት ጊዜ ታላቁ ዙረት «ደከመ» ይባል ነበር። ዙረቱ ሞቃቱን ውኃ በውቅያኖስ ገጽ ወደ ሰሜን ወስዶ፣ እዚያ አቀዝቅዞ ወደ ወለሉ የሚያሰጥም፣ የሰጠመውንም በስንት መቶ ዓመት ጉዞ መልሶ ወደ ላይ የሚያወጣ ነው። በተመረቀችበት ዓመት «ሊቆም ነው» ተባለ። አሁን ያ ክርክር የለም። ቅጾቹ ላይ የሚጻፈው «የቆመው ክፍል» እና «የሚዞረው ክፍል» ብቻ ነው።

የሐመልማል ሥራ ጠብታ መልቀቅ ነው። ከአንድ ቀበሌ ሰማይ ላይ በኮምፒውተሩ ውስጥ ጠብታዎች ትለቃለች፤ ጠብታዎቹ በጊዜ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ከደመና ወደ ነፋስ፣ ከነፋስ ወደ ባሕር ገጽ፣ ከገጹ ወደ ጥልቁ። መጨረሻቸው ገና በሚዞረው ውኃ ውስጥ ከሆነ ቀበሌው ክፍት ነው፤ ሰዉ ባለበት ይቀመጣል፣ ዘር ይሸጥለታል። በቆመው ውኃ ውስጥ ከሆነ ግን ዝናቡ ወላጅ የለውም፤ ቀበሌው ይዘጋል፣ ሰዉ ከከተማ ጫፍ ወዳሉት የመደዳ ቤቶች ይወሰዳል። ዘንድሮ መዝነቡ አለመዝነቡ አይጠየቅም። ከተቆጠረለት ወቅት ውጪ የሚወርድ ዝናብ «ያልተመዘገበ» ይባላል፤ በእሱ የዘራ ይቀጣል። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ ጃንጥላ ከመዘርጋታቸው በፊት ስልካቸውን ያያሉ።

«እኛ ውኃ አናይም አባባ» አለች ሐመልማል ቀስ ብላ።

«ታዲያ ምን ታያላችሁ?»

«ቁጥር።»

አቶ ይርዳው ጀሪካናቸውን ተመለከቱት። «እንግዲያው ጠጡት። መልሼ ልሸከመው አልችልም።»

ሊዘጋ የተያዘ ቀበሌ አንድ ይግባኝ አለው። ጠብታው ከየት እንደሚለቀቅ የሚመርጠው ራሱ ቀበሌው ነው፤ የሚያመለክተውም የውኃ አባቱ ነው፣ በጣቱ። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ይህን የጨመሩት ሰው በገዛ ጣቱ በጀመረው ፍርድ አይጮኽም ብለው ነው ይባላል። እስካሁን የጮኸ አልነበረም።

ሐመልማል ሾላ ቦይን በመስታወቱ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችላቸው። ቀበሌው ከገደሉ አፋፍ ጀምሮ እስከ ቆላው ድረስ የተንጠለጠለ ነው። ምንጩ ከላይ፣ ጉም ከማይለየው ጫካ ሥር ይፈልቃል፤ ቦዩ ከዚያ ወርዶ በትልቁ ሾላ አጠገብ ያልፍና ታች ቀይ መሬት ላይ ያልቃል። ሽማግሌው መነጽራቸውን አደረጉ። ጣታቸው በቦዩ ላይ ወረደ፤ ባለፈበት ሁሉ እንደ ጎረቤት ጥየቃ ነበር።

«ይሄ የወንዳፍራሽ ቤት ነው። ቆርቆሮውን አድሷል ማለት ነው፣ ለእኔ ሳይነግረኝ! … ይሄ የእኔ። አጥሩ ተዘንጥሏል፤ አየሽው? … እዚህ ሾላው። ከሾላው በላይ ያለነው ባለ ራስ፣ ከሾላው በታች ያሉት ባለ ጅራት ይባላሉ። ይቺ የአትጠገብ ጎጆ ናት፤ የመጨረሻዋ። ከእሷ ወዲያ ውኃም ሰውም የለም።» ጣታቸው እዚያ ቆመ። «ከዚህ ልቀቂው።»

የሐመልማል እጅ አልተንቀሳቀሰም። ሠራተኛ ለባለ ይግባኝ ምክር አይሰጥም። በሥራ ዘመኗ ከተጠየቀችው በላይ ተናግራ አታውቅም፤ ሳትጠየቅማ ከናካቴው።

«አባባ … ከላይ፣ ከምንጩ ቢጀመርስ?»

አቶ ይርዳው ጣታቸውን አነሡ። ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት።

«ማን ነው እንዲህ በዪ ያለሽ?»

«ማንም። ከላይ ያለው ደመና … ይሻል ይሆናል።»

«ወንዳፍራሽ ሰው ልኳል? ባለ ራሶቹ ቀድመውኝ መጥተዋል?»

«ኧረ ማንም አልመጣም!»

«እሺ፣ አልመጣም እንበል። ግን ስሚኝ ልጄ። ቦይ ሲጠረግ ከጅራቱ ይጀመራል። ውኃ ሲያንስ ተራው ከጅራቱ ይጀመራል። ከራስ የሚጀምር የውኃ አባት ሌባ ነው፤ ሚስቱ እንኳ እጁን አታስታጥበውም።»

«ከጅራቱ ከተጀመረ፣ የቦዩ ማለቂያ ስለሆነ፣ ቀበሌው በሙሉ በአንድ ነው የሚፈረድበት። ወይ ሁላችሁም ትቀራላችሁ፣ ወይ ሁላችሁም ትሄዳላችሁ። ከራስ ከተጀመረ ግን የላዩ ደመና እስከሚያጠጣው ድረስ ያለው ሰው ሊተርፍ ይችላል።»

«የቀረውስ?»

«የቀረው ይዘጋል።»

«እህ» አሉ አቶ ይርዳው፣ ሙግቱን እሷው የረታችላቸው ይመስል። «እሱን ነው የምልሽ።»

በሩ ተከፈተና የክፍሉ ኃላፊ አቶ መክብብ አንገቱን አስገባ። ሹራቡን እስከ አገጩ የሚቆልፍ፣ ሣቂታ ሰው ነው።

«ሐመልማል! የአንቺ ድምፅ ነው በኮሪደሩ የሚሰማው? ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ ድምፅ እንዳለሽ አላውቅም ነበር። ምክር ጀመርሽ እንዴ?»

«አይ። ካርታውን እያሳየኋቸው ነው።»

«አባት፣ መርጠዋል?»

«መርጫለሁ» አሉ አቶ ይርዳው፤ ጣታቸውን መልሰው የአትጠገብ ጎጆ ላይ አሳረፉ። አቶ መክብብ ከበሩ ሆኖ ጣታቸውን እንጂ ቦታውን አላየም።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ሐመልማል ምሳዋን አልበላችም። ሰዉ ወደ ካፌ ሲወርድ እሷ ጥቂት ጠብታዎች ለሙከራ ለቀቀች፤ ይህ ያልተከለከለ ነው። መጀመሪያ ከጅራቱ። ጠብታዎቹ ከቀዩ መሬት ሰማይ ተነሥተው በረሓውን ተሻገሩ፣ ባሕሩ ገጽ ላይ እንደ ጤፍ ተበተኑ፣ ከዚያ መስጠም ጀመሩ። ወረዱ፤ ወረዱ፤ ከዚያ ቆሙ። ኮምፒውተሩ ዓመታቱን ወደ ኋላ ይቆጥራል፣ ጠብታዎቹ ግን ካሉበት ንቅንቅ አይሉም። ከላይም ከታችም የሚገፋቸው የለም። እንዲህ ሲሆን በማዕከሉ ቋንቋ «ተኙ» ይባላል። ከሁሉም ያልተኙት እፍኝ አይሞሉም ነበር።

ከምንጩ ስትለቅ በሌላ መንገድ ሄዱ። በጉሙ ጫካ በኩል ወደ ምዕራብ አፈገፈጉ፣ ታላቁን ደን አለፉ፣ ሌላ ባሕር ውስጥ ገቡ። እዚያ በደቡቡ ጥልቅ ውስጥ የተረፈች ቀጭን ዙረት አለች፤ ብዙዎቹ እሷን ያዙ። ቀስ ብለው፣ ግን እየሄዱ ነበር።

የሐመልማል አባት የተዘጋ ቀበሌ ሰው ነበር። ወደ መደዳ ሲወሰዱ እሷ ሕፃን ነበረች። መደዳ ማለት ከከተማው ጫፍ በረድፍ የተገጠገጡ ረጃጅም የቆርቆሮ ቤቶች ናቸው፤ ሰዉ ጠዋት ጠዋት የማሽኖቹን አቧራ ሊጠርግ በመኪና ይወሰዳል። አባቷ ለሥራው አልተመቸም። በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ የተሸጡትን በሬዎች በስማቸው እየጠራ፣ «ና! … ወዲህ! … ተመለስ!» እያለ ግድግዳውን ያዝዝ ነበር። የመጨረሻዎቹን ዓመታት እንዲሁ አረሰ።

ሐመልማል ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አድርጋ አየቻቸው። ከሾላው በላይ ያሉት ቤቶች ብዙ ናቸው። ከሾላው በታች ያሉት ጥቂት። ከሁሉም መጥፋት የብዙው መትረፍ ይሻላል፤ ቁጥር ስለሆነ ለማሰብ ቀላል ነበር። ነጥቡን ከአትጠገብ ጎጆ አነሣችና ምንጩ ላይ አኖረችው። ሙሉውን ለቀቀች።

ውሳኔው የተነበበው በሐምሌ ማብቂያ፣ በሾላ ቦይ የቀድሞ እህል መጋዘን ውስጥ ነበር። ጠብታውን የለቀቀው ሠራተኛ እንዲገኝ ሕጉ ስለሚያዝ ሐመልማልም ከአቶ መክብብ ጋር መጣች። መንገዱን ሙሉ ያልተመዘገበ ዝናብ ዘነበባቸው። ሹፌሩ መጥረጊያውን ከፍቶ «ዛሬስ የሌለው ዝናብ በረታ» ብሎ ቀለደ፤ አቶ መክብብ ሣቀ።

መጋዘኑ ሞልቶ ነበር። እርጥብ ጋቢ ይሸታል። ባለ ራሶቹ ወደ ፊት፣ ባለ ጅራቶቹ ወደ ኋላ ተቀምጠዋል፤ ማንም እንዲህ ተቀመጡ ያላቸው የለም። አቶ ይርዳው ከፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ዘንጋቸውን በጉልበታቸው መሐል ተክለው ነበር።

አቶ መክብብ ምስሉን ግድግዳው ላይ አበራው። ሁልጊዜም ሰዉ የጠብታውን መንገድ እንዲያይ ይደረጋል። ጠብታዎቹ እንደ ነጭ የብርሃን ትቢያ ከጉሙ ጫካ ተነሡ።

ሐመልማል የሽማግሌውን ጀርባ ታይ ነበር። ጀርባቸው ቀጥ አለ።

«ከምንጩ እስከ ሾላው ድረስ ያለው፣ ክፍት» ሲል አነበበ አቶ መክብብ። «ከሾላው በታች ያለው፣ ዝግ።»

ከፊት በኩል አንዲት ሴት እልል አለች። ከዚያ ብቻዋን እንደሆነች ስታውቅ አቋረጠችው።

«ይርዳው!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ወይዘሮ አትጠገብ ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጠላቸውን በወገባቸው የታጠቁ አሮጊት። «ይርዳው፣ ጎሽ! የውኃ አባት ብለን ሾምንህ፣ አጠጣኸን! ለእኛ ለባለ ጅራቶቹ ምነው ቀድመህ ብትነግረን? ስንቅ እንቋጥር ነበር።»

አቶ ይርዳው ዘንጋቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። ወደ አትጠገብ አልዞሩም፤ ወደ ሐመልማል ዞሩ። እይታቸው ብዙ አልቆየም።

«ይሄ የእኔ ነጥብ አይደለም» አሉ።

የአቶ መክብብ ሣቅ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። «አባት፣ ስንነጋገር ነበርኩ እኮ። በጣትዎ አሳይተዋል።»

«አሳይቻለሁ። ዐይኔ ደካማ ነው፤ ጣቴ ስታለች። እኔ ያሰብኩት ጅራቱን ነው።»

ሐመልማል ከወንበሯ ብድግ አለች። «እሳቸው አይደሉም፣ እኔ …»

«አንቺ የታየሽን ጽፈሻል ልጄ። ተቀመጪ» አሉ አቶ ይርዳው። ቁጣ አልነበረበትም። እንደ ልማዷ ተቀመጠች።

«አባት፣ ልብ ብለው ይስሙኝ» አለ አቶ መክብብ። አሁን አልሣቀም። «የውኃ አባቱ የካደው ልቀት ይሻራል። ከተሻረ ሁለተኛ ይግባኝ የለም። ከምንጩም፣ ከሾላውም፣ ሁሉም ይዘጋል። ይገባዎታል?»

«ይገባኛል።»

ወንዳፍራሽ፣ ያ ቆርቆሮውን ያደሰው፣ ከፊት ጮኸ። «ጋሼ ይርዳው፣ ስለ እግዚአብሔር ይቀመጡ! እኛ ብንቀር እነሱን እንረዳቸው የለም ወይ? ስንቅ እንልክላቸዋለን፤ እንጠይቃቸዋለን!»

«የት ሄደህ ነው የምትጠይቃቸው?»

«ያሉበት ነዋ!»

«አምና የተዘጋው የታች አምባ ቀበሌ ሰዎች የት እንዳሉ ታውቃለህ? እህትህ እዚያ ነበረች።»

ወንዳፍራሽ ጋቢውን ወደ ትከሻው ሳበ።

«እኔ ብቻዬን አልፈርድም» አሉ አቶ ይርዳው። «እንደ ልማዳችን ቀበሌው ይፍረድ። ጅራቱን ሸኝተን እኛ እንቅር የሚል ይቁም።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበር። ሰዉ ጉልበቱን፣ ጫማውን፣ ግድግዳው ላይ የቆመውን የብርሃን ትቢያ ያያል። ሁሉም ሌላው እንዲቆም የሚጠብቅ መሰለ። ለመቆም የሚፈልጉት ብዙ እንደነበሩ ሐመልማል ከአተነፋፈሳቸው አውቃለች። ወንዳፍራሽ ጉልበቱን ተደግፎ ግማሽ ድረስ ተነሣ። ልጁ ከሾላው በታች ነው የተዳረችው፤ ከኋላ ከባሏ ጎን ተቀምጣ ነበር። ዞሮ አያት። አላለቀሰችም፣ አልለመነችውም፤ አየችው ብቻ። ወንዳፍራሽ እንደገና ተቀመጠና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

«ማንም አልቆመም» አሉ አቶ ይርዳው። «ሻረው።»

አቶ መክብብ ሻረው። ሥራው አንድ ቁልፍ መጫን ነበር። ግድግዳው ላይ የነበሩት ጠብታዎች ጠፉ።

ሰዉ ሲወጣ የተጯጯኸ አልነበረም። አንድ የላይ ሰው ብቻ በሽማግሌው አጠገብ ሲያልፍ እግራቸው ሥር ምራቁን ተፋ። ወይዘሮ አትጠገብ ደግሞ መጥተው ፊት ለፊታቸው ቆሙ፤ ነጠላቸውን ከወገባቸው ፈትተው ራሳቸው ላይ ጣል አደረጉና ወደ ዝናቡ ወጡ።

አቶ ይርዳው መኪናው ድረስ ሐመልማልን ሸኟት። መንገዱ ዳር ባለው ቦይ ውኃው ደፍርሶ ይሮጣል።

«ጣቴ አልሳተችም» አሉ፣ አቶ መክብብ እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

«እንዲቀሩ ብዬ ነው አባባ።»

«ማን?»

ሐመልማል ከዚያ ምሳ ሰዓት ጀምሮ በልቧ ያኖረችው የቤቶች ቁጥር ነበራት፤ እዚህ፣ በዚህ ዝናብ ውስጥ፣ ሊባል የሚችል አልመሰላትም። ስለ ጅራቱ ሙከራ ልትነግራቸው አሰበች፤ እሳቸው ባሉት ቢለቀቅም ኖሮ ሁሉም ይዘጋ እንደነበር። ያ ለማን እንደሚጠቅም አላወቀችም። አንገቷን ደፋች። ሽማግሌው የመኪናውን በር ከፈቱላት፣ እሷ ከገባች በኋላም ራሳቸው ዘጉት።

አውቶቡሶቹ የመጡት በነሐሴ አጋማሽ ነው። አሁንም ይዘንብ ነበር። ጭቃው አላስገባ ስላላቸው ሰዉ ዕቃውን ተሸክሞ እስከ አስፋልቱ በእግሩ ወረደ። የአውቶቡሶቹ ረዳቶች የራስና የጅራት ሰው ብለው አልለዩም፤ በደረሰበት ተራ አሳፈሩት። ቀድመው የሞሉት አውቶቡሶች ወደ ደብረ ብርሃን መደዳዎች ሄዱ። እዚያ ቦታ ሲያልቅ ቀጣዮቹ ወደ አዳማ ተላኩ፤ የኋለኞቹ ወደ ሰመራ። ወንዳፍራሽ ደብረ ብርሃን ደረሰ፤ ልጁና ባሏ አዳማ። አቶ ይርዳው የመጨረሻው ሰው እስኪሳፈር ድረስ ቆመው ስለነበር ከወይዘሮ አትጠገብ ጋር በመጨረሻው አውቶቡስ ወደ ሰመራ ተወሰዱ።